ወላጅ አልባው ሰብልና የቃሊቲ ተማሪዎች

ተመራማሪዎች ጤፍን «ወላጅ አልባ ሰብል» ይሉታል። እንደ ስንዴና ሩዝ በዓለም ዙሪያ የሚንከባከበው ተመራማሪ አላገኘምና። የቲም የሚለው ቃል እስከ እርሻው መዝለቁ ያስገርማል! እ.ኤ.አ. በ2014 ግን በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዘሪሁን ታደለና ባልደረቦቻቸው «ፀደይ» የተባለውን ዝርያ የዘረመል ቅደም ተከተል ይፋ አደረጉ። ፀደይ የተገኘው ከቃሊቲ በቢሾፍቱ መንገድ በሚደረስበት የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ነው።

እንዲህ ያለውን መረጃ በኮምፒዩተር የሚመረምረው ዕውቀት ባዮኢንፎርማቲክስ ይባላል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በተግባር ሊማረው ይችላል። የጤፍ አገዳ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ በነፋስና በዝናብ ይጋሸባል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ተማሪው የሩዝን ቁመት የሚወስነውን ዘረመል ከነፃ የመረጃ ቋት ያወርዳል፤ «ብላስት» በተሰኘው ነፃ ፕሮግራም አቻውን ከጤፍ ውስጥ ይፈልጋል፤ ከዚያም አራቱን የዘር ፊደላት አንድ በአንድ እያነጻጸረ ልዩነቱን ይመዘግባል። ኬሚካልም ሆነ ላቦራቶሪ አያሻውም። መብራት ቢጠፋ እንኳ ፊደላቱ አስቀድመው ከታተሙ በእርሳስ ማነጻጸር ይቻላል፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ትምህርት በወረቀት ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ለየቲም ተማሪ የሚደረገው ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ ደብተርንና የደንብ ልብስን ያስባል። የኮምፒዩተር ሰዓትም በዝርዝሩ ይግባ።