በምዕራብ ሸዋ ወጣቱን ከአመፅ መንገድ አስቀድሞ ስለ መጠበቅ

አንድ ወጣት ኃይልን ብቸኛ መፍትሔ አድርጎ ወደሚያይ ጽንፈኛ አስተሳሰብ ሳይገባ የአካባቢው አስተዳደር ከቤተሰብ፣ ከትምህርት ቤትና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ሆኖ የሚያደርግለት ድጋፍ ቅድመ ጥበቃ ይባላል፤ ይህም ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ከሚመጣው ምርመራና ክስ የተለየ ሥራ ነው። በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ ማዘጋጃ ቤቱና ፖሊስ ለስጋት የተጋለጡ ወጣቶችን በምክር፣ በትምህርትና በሥራ ሲደግፉ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሠላሳ ያህል የነበረው ለመዋጋት ወደ ሶርያ የሚሄዱ ነዋሪዎች ቁጥር በ2014 ወደ አንድ መውረዱ ተዘግቧል።

በምዕራብ ሸዋ የሚገኙት የአምቦና የጊንጪ ከተሞች ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። በሚያዝያ 2006 በአምቦ፣ በኅዳር 2008 ደግሞ በጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ያነሡት የመሬትና የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጥያቄ ጽንፈኝነት አልነበረም፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ተሰርዟል። ያም ሆኖ በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በመላ አገሪቱ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ተያዙ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደ ጦላይ ባሉ ካምፖች ተሃድሶ የተባለ ሥልጠና ወስደው፣ «አይደገምም» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ካናቴራ ለብሰው ተለቀቁ። ጥያቄ ያለውን ወጣት ከአጥፊ ሳይለይ በጅምላ የሚይዝ እርምጃ ጥበቃ ሊባል አይገባውም፤ ይልቁንም ወጣቱ በመንግሥት ላይ የቀረችውን እምነት ያሟጥጣል።

እምነቱ በዋናነት የሚፈተነው በቀበሌ ነው። መታወቂያ የሚሰጠውና ለሥራ ዕድል የሚመዘግበው መዋቅር ለጸጥታ አካል መረጃ የሚያቀብልም ከሆነ፣ ልጇ ጫካ እንዳይገባ የሰጋች እናት ስጋቷን ለቀበሌው ሊቀመንበር ለመንገር ትፈራለች። እንዲህ ያለውን ጭንቀት ቀድሞ የሚሰማው ጃርሱማ የሚባለው የኦሮሞ ሽምግልና ሲሆን፣ ሴቶችም ለሙሽራ በሠርጓ ዕለት የሚሰጠውን ሲንቄ የተባለ በትር ይዘው በጠበኞች መካከል ሲቆሙ ጠቡ እንዲበርድ ባህሉ ያዝዛል። የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ እነዚህ ፍርድ ቤቶች የተቋቋሙት ክርክር ለመዳኘት ቢሆንም፣ ሽማግሌዎቹ በነዋሪው ዘንድ ያላቸው ተሰሚነት ለቅድመ ጥበቃም ሊያገለግል ይችላል።

መንግሥት ሸኔ ከሚለው ታጣቂ ቡድን አዛዦች አንዱ የነበሩት ጃል ሰኚ ነጋሳ ኅዳር 22 ቀን 2017 ከክልሉ መንግሥት ጋር የሰላም ስምምነት ከፈረሙ ወዲህ ደግሞ፣ ትጥቅ የፈታን ወጣት ተቀብሎ ሥራ የሚያገኝበትን መንገድ የማመቻቸቱ ኃላፊነት ከወረዳና ከቀበሌ አስተዳደሮች አይወርድም፤ ለዚህም ወጣቱ ለሽማግሌ የተናገረው ነገር ለክስ ማስረጃ እንደማይሆንበት በሕግ ሊረጋገጥለት ይገባል።