የሁምቦ ተራራ ካርቦን ሸጠ፤ ገበሬው ምን አተረፈ?

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በወላይታ ሁምቦ ወረዳ የሚገኙ ሰባት የገበሬዎች የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት በ2003 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ 34,000 የአሜሪካ ዶላር ተከፈላቸው። ለገዢው ቡናም ሆነ ቦሎቄ አላስረከቡም። የተከፈላቸው ተራራቸው ላይ መልሶ የበቀለው ደን ከአየር ውስጥ ለሳበው ካርቦን ነው። ገዢው በዓለም ባንክ የሚተዳደረው ባዮካርቦን ፈንድ ነበር።

ይህ ሽያጭ በአገራችን የእርሻ ምርት ንግድ ያልተለመደ ዕቃ ወደ ገበያ ያወጣ ነው። ዕቃው በጆንያ አይሰፈርም፣ በሚዛን አይቀመጥም፣ ጎተራ አይገባም። ሆኖም ዋጋ አለው፣ ውል አለው፣ እንደማንኛውም ሸቀጥም የዋጋ መውደቅ ያሰጋዋል። ነጋዴውንና ባለሀብቱን ሊያሳስብ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሂሳቡ ለገበሬው ያዋጣል ወይ?

ተራራው እንዴት ተራቆተ?

የሁምቦ ኮረብታዎች ቀደም ሲል በአገር በቀል ዛፎች የተሸፈኑ ነበሩ። ለማገዶ፣ ለከሰልና ለእርሻ ሲባል ለዓመታት ሲጨፈጨፉ ቆይተው ተራቆቱ። ተራራ ሲራቆት ጉዳቱ በተራራው ላይ ብቻ አይቀርም። የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ታች ይወርዳል፤ በእግርጌው ያለውን የበቆሎና የስኳር ድንች ማሳ ይቦረቡራል፤ ምንጮች ይደርቃሉ። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ወላይታ ነበር። ከዚያ በኋላም ዝናብ በተዛባ ቁጥር ወረዳው እርዳታ ሲጠብቅ ኖሯል።

በ1999 ዓ.ም አካባቢ ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሕዝብና ከመንግሥት ጋር ሆኖ የጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት የሚያካልል ነው። ዘዴው ቀላል፣ ወጪውም አነስተኛ ነው። መሬቱ ከሰውና ከከብት ንክኪ ይከለላል። ከአፈር ሥር በሕይወት ያለው አሮጌ ጉቶ ያቆጠቁጣል። ካቆጠቆጠው ውስጥ ጠንካራው ቀንበጥ ተመርጦ ይቀራል፣ ሌላው ይገረዛል። ይህን አሠራር አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ) ጀምሮ በኒጀር አስፋፍተውታል፤ ለሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በሁምቦ ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ የሚሆነው መሬት ያገገመው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ችግኝ የተተከለው በቀሪው ላይ ብቻ ነው። ችግኝ ማፍላት፣ ማጓጓዝ፣ ጉድጓድ መቆፈርና የደረቀውን መተካት ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ትልቁ ጥያቄ የባለቤትነት ነበር

መጀመሪያ ላይ ገበሬው ሐሳቡን በጥርጣሬ ነበር ያየው። መሬቱ ሲከለልና ደኑ ሲለማ መንግሥት ወይም ድርጅቱ መጥቶ ይወስድብናል የሚል ስጋት ነበረበት። ስጋቱ መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚያን ወቅት ይሠራበት የነበረው የ1999 ዓ.ም የደን አዋጅ ደግሞ የሚያውቀው የመንግሥትንና የግልን ደን ብቻ ነበር። የማኅበረሰብ ደን በሕግ ራሱን ችሎ ዕውቅና ያገኘው በ2010 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ነው።

መፍትሔው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ማቋቋምና የደኑን የመጠቀም መብት በስማቸው በሕጋዊ ሰነድ ማረጋገጥ ሆነ። ማኅበራቱ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። የትኛው ኮረብታ መቼ እንደሚዘጋ፣ ሣር መቼ እንደሚታጨድ፣ የደረቀ እንጨት ማን እንደሚለቅም ወሰኑ። አንድ አባል አንድ ድምፅ በሚለው የኅብረት ሥራ መርህ መሠረት ገንዘቡ ሲመጣም በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ውጭ አገር ያለ ገዢ ከተበተነ ገበሬ ጋር መዋዋል አይችልም። ማኅበሩ ባይኖር ኖሮ ሽያጩም አይኖርም ነበር።

ሂሳቡ ሲሰላ

ፕሮጀክቱ በኅዳር 2002 ዓ.ም በኪዮቶ ስምምነት የንጹህ ልማት አሠራር ተመዘገበ። በዚህ አሠራር ከተመዘገቡት ትልልቅ የደን ፕሮጀክቶች ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይስባል ተብሎ ተገምቷል። ባዮካርቦን ፈንድ ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶን ለመግዛት የተዋዋለ ሲሆን፣ ገበሬዎቹ ቢያንስ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ700,000 ዶላር በላይ እንዲያገኙ ታስቧል።

እነዚህን ቁጥሮች ማካፈል ጠቃሚ ነው። አንዱ ቶን በአማካይ ከ4 ዶላር ከ20 ሳንቲም ትንሽ ከፍ ይላል። 700,000 ዶላሩ ለ2,728 ሄክታር ሲካፈል ለአንድ ሄክታር 257 ዶላር ገደማ ይደርሳል። በአሥር ዓመት ሲከፈል ደግሞ ከአንድ ሄክታር በዓመት የሚገኘው ወደ 26 ዶላር ብቻ ነው። የመጀመሪያው 34,000 ዶላር በሰባቱ ማኅበራት እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 4,857 ዶላር ይደርሳል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም መጨረሻ ብር ረክሶ ዶላር 16 ብር ከ35 ሳንቲም ገብቶ ስለነበር፣ ይህ 79,000 ብር ገደማ ነበር።

በነፍስ ወከፍ ቢታደል ቡና ከመጠጣት አያልፍም። ማኅበራቱ ገንዘቡን ለጋራ ሥራ በማዋላቸው ነገሩ ተለወጠ። የእህል መጋዘንና ወፍጮ ሠሩበት።

መጋዘኑ ለምን አስፈለገ?

የገጠሩን ገበያ የሚያውቅ ነጋዴ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ገበሬው አዝመራ በሰበሰበ ማግስት ግብር አለበት፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የልጆች ልብስ አለበት። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሳምንት እህሉን ያወጣል፤ ዋጋ ይወድቃል። ከወራት በኋላ ጎተራው ሲራቆት ያንኑ የሸጠውን በቆሎ በውድ ዋጋ ለመግዛት ገበያ ይወጣል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የሚቀረው መጋዘንና ጥሬ ገንዘብ ባለው ሰው እጅ ነው።

ማኅበሩ መጋዘን ሲኖረው በመከር ወራት ከአባላቱ ገዝቶ ማቆየት ይችላል። ወፍጮው ደግሞ ሴቶች እህል ተሸክመው የሚጓዙትን መንገድ ያሳጥራል፣ ለማኅበሩም የዘወትር ገቢ ያስገኛል። በተራራው በኩል የሚታጨደው ሣር ለከብት መኖ ይሆናል፤ ጎርፉ ሲቀንስ የእግርጌው ማሳ አፈሩን ይይዛል። ከዓመታዊው 26 ዶላር በላይ ገበሬውን ደኑን እንዲጠብቅ ያደረገው ይህ የተያያዘ ጥቅም ነው ለማለት ይቻላል።

ደላላውም ቢሆን በዚህ አሠራር ከጨዋታ ውጭ አይሆንም፤ አሠራሩ ግን ይለወጣል። በየደጃፉ እየዞረ ሁለትና ሦስት ኩንታል ከመልቀም፣ ከአንድ ማኅበር መኪና ሙሉ እህል ወደ መግዛት ይሸጋገራል። ዋጋውም እንደ ድሮው በተቸገረ ገበሬ ላይ የሚጫን አይሆንም።

ወጪውን የከፈለው ማን ነው?

ነገሩ ያለ መሥዋዕትነት የተገኘ አይደለም። ተራራ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዱት ማገዶና ከሰል ሸጠው የሚያድሩት፣ በአብዛኛውም መሬት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ጉቶ አቆጥቁጦ ጥቅም እስኪሰጥ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ የዛሬ እራት ግን ዓመታት አይጠብቅም። የትኛውም ተመሳሳይ ዕቅድ የሚጸናው ለእነዚህ ሰዎች የመሸጋገሪያ ዓመታት መተዳደሪያ ሲያዘጋጅ ነው። ይህን የዘለለ ዕቅድ ደኑን ሌሊት በመጥረቢያ ያጣዋል።

ሁለተኛው አደጋ የገበያው ነው። በንጹህ ልማት አሠራር የሚሰጠው ሰርተፍኬት እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ገበያ ቶኑ ከ20 ዩሮ በላይ ይሸጥ ነበር። በ2012 መጨረሻ ከ1 ዩሮ በታች ወረደ። የደን ሰርተፍኬት ደግሞ ዛፍ ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ይችላል በሚል ጊዜያዊ ተደርጎ የሚሰጥ በመሆኑ የአውሮፓ የልቀት ገበያ ጭራሹን አልተቀበለውም። ሁምቦን ያዳነው አስቀድሞ የተፈረመው ውል ነው። በዕለት ዋጋ ሊሸጥ ቢሞክር ኖሮ ገዢ ማግኘቱ ራሱ ያጠራጥር ነበር። ክፍያው በዶላር መሆኑም ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ብር በረከሰ ቁጥር የገበሬው ድርሻ በብር ሲሰላ ከፍ ይላል።

በባዮካርቦን ፈንድ ውል ውስጥ ያልተካተተው መጠን 715,000 ቶን ነው። የኪዮቶ ስምምነት ሁለተኛ ዘመን እ.ኤ.አ. በ2020 አብቅቶ ቦታውን የፓሪስ ስምምነት ወስዷል፤ የካርቦን ገበያ ደንቡም በ2021 በግላስጎው ጉባኤ ጸድቋል። በዚህ መስክ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብት ከዋጋው በፊት ሦስት ሰነዶችን ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ደኑን የመጠቀም መብት በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ገንዘቡን እንዴት እንደሚያከፋፍል፣ እንዲሁም ከሰል ይሸጡ የነበሩት ሰዎች አሁን በምን እንደሚተዳደሩ። ሦስተኛውን ሰነድ ሊያሳይ ያልቻለ ማኅበር ደኑ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለመኖሩ ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።