ትምህርት ቤቱን ሐይቅ ማሻገር

እንደሚታወቀው በአገራችን ገጠር ብዙ ትምህርት ቤት የተሠራው በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው። ከሁሉም በላይ ስሙ የሚነሳው «ሰዎች ለሰዎች» ይመስለኛል። ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርበው «ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ አንድ ማርክ አይሰጥም» ብለው ተወራረዱ። በተሰበሰበው ገንዘብ ሥራው ኤረር ሸለቆ፣ ባቢሌ አካባቢ ተጀመረ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2014 አርፈዋል፤ ድርጅቱ ግን እስካሁን ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶች ሠርቷል። ከነዚህም ውስጥ በጀማና በወንጭት ገደል የተከበበው መርሐ ቤቴ ይገኝበታል።

ገደል እንኳ መንገድ ይቆረጥለታል። ዙሪያው ውኃ የሆነ ቦታስ? በዚህ ጽሑፍ የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችን ምሳሌ አድርጌ ይህንኑ ለማየት እሞክራለሁ።

ዝዋይ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና። ነዋሪዎቹ የዛይ ሕዝብ ናቸው፤ ዓሣ ያሰግራሉ፣ ዳገቱን እርከን ሠርተው ያርሳሉ፣ በደንገል ታንኳ ይሻገራሉ። ከባቱ ከተማ ቱሉ ጉዶ ለመድረስ በሞተር ጀልባ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

እኛ አቃቂ ቃሊቲ ያለን ተማሪዎች ቆርቆሮና ብረት የጫነ አይሱዙ በደብረ ዘይት መንገድ ሲወርድ በየቀኑ እናያለን። እንበልና አንዱ 50 ኩንታል ሲሚንቶ ጭኖ ባቱ ደረሰ። ይህ ማለት ባለ 50 ኪሎ 100 ከረጢት ነው። አሥር ሰው የምትይዝ ጀልባ 700 ኪሎ ገደማ ብትችል በአንድ ጉዞ 14 ከረጢት መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ አይሱዙ የጫነውን ለማሻገር ስምንት ምልልስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይኼ እንግዲህ አሸዋውን፣ ቆርቆሮውንና ዴስኩን ሳንቆጥር ነው። ማዕበል ከተነሳ ደግሞ ጀልባው ይቆማል፤ የረጠበ ሲሚንቶም ለምንም አይሆንም። ድንጋይ እዚያው ስላለ ግድግዳውን በድንጋይ መሥራት ከብሎኬት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለመሠረቱም ቢሆን እንደዚያው።

ነገሩ የሚከብደው ሒሳቡ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት አንድ ድርጅት ለአስተዳደር ከበጀቱ ከ30 በመቶ በላይ ማውጣት አይችልም ነበር። ችግሩ ጣሪያው ብቻ አልነበረም፤ በወጣው መመሪያ ትራንስፖርትን የመሰሉ ወጪዎች ሳይቀሩ በአስተዳደር ሥር ይመዘገቡ ነበር። ታዲያ ለደሴት ትምህርት ቤት ነዳጅና ጀልባ ምኑ ነው አስተዳደር? ሥራው ራሱ'ኮ ነው! እንዲህ ያለ አሠራር ድርጅቶችን ወደ አስፋልት ዳር ቢገፋቸው አይፈረድባቸውም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘው ብቻ እንዲሆን አድርጓል። ቁጥሩ ጠበቀ፤ ለሩቅ ቦታ ግን በሩ ሰፋ።

ሕንፃው ካለቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል፤ ከዚያ ወዲያ መምህር መቅጠርና ደመወዝ መክፈል የመንግሥት ነው። ደሴት ላይ የተመደበ መምህር የት ያድራል? ቤት ካልተሠራለት ጠዋት ጠዋት ጀልባ ጥበቃ ዳር ላይ መቆሙ ነው፤ እሱ ካልተሻገረ ክፍሉ አዲስ ሆነ አሮጌ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ በጀቱ ካልበቃ ከአራቱ ክፍል አንዱ ይቀነስና የመምህራን ቤት ይሠራ እላለሁ። ሌላም አለ፤ ልጆቹ ቤታቸው የሚናገሩት ዛይኛ ሲሆን የክልሉ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል የደሴቱን ልጅ አሠልጥኖ መቅጠር የማደሪያውንም የቋንቋውንም ችግር ባንድ ጊዜ ያቃልላል።

ጀልባዋም ብትሆን ርክክቡ ላይ መረሳት የለባትም። የማን ንብረት እንደምትሆን፣ ነዳጇና ጥገናዋ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ በሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት። ሞተር ጠጋኝ የሚገኘው ባቱ ነው፤ የተበላሸ ሞተር ባቱ ለማድረስ ደግሞ ሌላ ጀልባ ያስፈልጋል።