በብየዳ የሚቀረጽ መታሰቢያ፦ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ተራራው አናት

በአዲስ አበባ አደባባዮች ላይ የቆሙት ታዋቂ የነሐስ መታሰቢያዎች በአመዛኙ የውጭ ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የጀርመናዊ ባለሙያ ሥራ ነው። በየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ላይ የሚታዩትን ምስሎች የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ሲሆኑ፣ በ1977 ዓ.ም. በተመረቀው የትግላችን ሐውልት ግንባታ ደግሞ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የአሠራሩ ባሕርይ ነው። ነሐስ አቅልጦ ለማፍሰስ ትልቅ ምድጃ፣ ሙቀት የሚችል ቅርጽ ማውጫና የሠለጠነ ቡድን በአንድ ቦታ መገኘት አለባቸው። ብየዳ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም።

በኤሌክትሪክ ብየዳ ጊዜ የሚፈጠረው ብልጭታ የሁለቱን ብረቶች ጠርዝ ከኤሌክትሮዱ ጋር አቅልጦ አንድ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ቀራፂ የመበየጃ ማሽን፣ መቁረጫና መዶሻ ካለው ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ሥራ ጥቂት በጥቂት ሊያቆም ይችላል። የተሳሳተውን ቆርጦ ያነሣል፤ የጎደለውን ይቀጥላል። ይህ ስልት ወደ ሥነ ጥበብ የገባው ከፋብሪካ ነው። ስፔናዊው ቀራፂ ሁሊዮ ጎንዛሌዝ ብየዳን የተማረው እ.ኤ.አ. በ1918 በፈረንሳይ የሬኖ ፋብሪካ ውስጥ በሠራበት ወቅት ሲሆን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ይህንኑ ሙያ ለፒካሶ የብረት ቅርጾች አውሎታል።

በአዲስ አበባም የሁለቱ ዕውቀቶች መገኛዎች ብዙ አይራራቁም። ከእንጦጦ ግርጌ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የእጅ ሙያ ያስተምራል፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ቀራፂዎችን ያሠለጥናል። ጥሬ ዕቃውን ደግሞ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ያቀርባል። ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው በርሜል፣ ላሜራና የመኪና አካል እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ባልዲና በር ይሆናል። ቀራፂውም የሚፈልገውን ብረት ከዚያው ክምር መርጦ ሊወስድ ይችላል።

የተጣለ ብረት ለመታሰቢያ ሲውል የቀድሞ ሕይወቱንም ይዞ ይመጣል። የሞዛምቢክ ተሞክሮ ይህን በግልጽ ያሳያል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በጳጳስ ዲኒስ ሴንጉላኔ መሪነት በተጀመረው ፕሮጀክት ዜጎች የጦር መሣሪያ አስረክበው በምትኩ ዶማ፣ ብስክሌትና የልብስ ስፌት መኪና ይቀበሉ ነበር። መሣሪያዎቹ ተቆራርጠው ለቀራፂዎች ተሰጡ። ክሪስቶቫው ካንያቫቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራው የጠመንጃ ዙፋን ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ተመልካቹ የጠመንጃውን ሰደፍና አፈሙዝ ለይቶ ያያል፤ በነሐስ ቢሠራ ኖሮ ይህ ምስክርነት ይጠፋ ነበር።

ሆኖም ይህ ጥቅም ዋጋ ያስከፍላል። ነሐስ በአየር ሲነካ የሚያወጣው ሽፋን ውስጡን ይጠብቃል፤ የተራ ብረት ዝገት ግን እየተላጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የእንጦጦ ሰንሰለት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ በሚገኝበት በዚህ ከፍታ ላይ በገላጣ ሜዳ የሚቆም የብረት ቅርጽ የክረምቱን ረጅም ዝናብ፣ ጭጋግና የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት ይቀበላል። ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ የብየዳው መጋጠሚያ ነው። በመጋጠሚያው ላይ የቀረ ቅርፊት ቀለሙ እንዳይዝ ያደርጋል። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲበየድ ሽፋኑ ተቃጥሎ መጋጠሚያው ራቁቱን ይቀራል፤ ጢሱም የሠሪውን ሳንባ ይጎዳል። በነጥብ በነጥብ ብቻ በተያዙ ሁለት ላሜራዎች መካከል ውኃ ይተኛል፤ ክፍት በሆነው የቅርጹ ሆድ ውስጥም ጤዛ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከውጭ ደኅና የሚመስል ሥራ ከውስጥ ሊበላ ይችላል።

መፍትሔዎቹ ለበያጅ እንግዳ አይደሉም። መጋጠሚያው ሙሉ በሙሉ ይበየዳል፤ ቅርፊቱ ተጠርጎ ዝገት የሚከላከል ቀለም ሳይውል ሳያድር ይቀባል፤ በቅርጹ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይተዋል፤ የእግሩ ብረት አፈር እንዳይነካ በኮንክሪት መደብ ላይ ይቆማል። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የያዘ አሮጌ በርሜል ሊፈነዳ ስለሚችል ታጥቦ ሳይጸዳ አይቆረጥም። ቅርጹ ከቆመ በኋላም ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላም በጥቅምት መፈተሽ ይኖርበታል።

ችግሩ ይህ ዕውቀት ዘወትር ከንድፉ ጋር አለመጓዙ ነው። ቀራፂው ስለ ቅርጹ፣ በያጁ ስለ መጋጠሚያው፣ አሠሪው ስለ ምረቃው ቀን ብቻ ካሰቡ፣ ከአሥር ክረምት በኋላ ለሚሆነው ተጠያቂ አይኖርም። መታሰቢያ ደግሞ የሚሠራው ክስተቱን በዓይናቸው ላላዩ ሰዎች ነው፤ እነርሱ ሳይደርሱ የሚፈርስ ከሆነ ዓላማውን ስቷል። ስለሆነም የብረቱን ዓይነትና ውፍረት፣ የተጠቀሙበትን ኤሌክትሮድና ቀለም፣ የፍተሻውን ጊዜና የጥገናውን ወጪ የሚሸፍነውን አካል የሚገልጽ ሰነድ ከሥራው ጋር አብሮ መረከብ አለበት። ሰነዱን ቀራፂውና በያጁ በጋራ ቢያዘጋጁት፣ በእንጦጦ ግርጌ ተቀራርበው የሚኖሩት ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙበት ተግባራዊ መነሻ ይሆናል።