ሊኑክስ መሐል መንገድ ላይ ሲቆም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ መራጭ ነው፤ ዕድሜው የገፋውን ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ላይ ይመልሰዋል። እንደ ገለጉ ባለ የቋራ ቆላ ከተማ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ተጠግኖና ራም ተጨምሮለት ዓመታት በሚሠራበት አካባቢ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ ማሽን የሚገዛበት ገንዘብ ካልተገኘ በዘላቂነት የሚቀሩት ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ማሻሻያ በማይደርሰው ዊንዶውስ መቀጠል ነው፤ ሌላው ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና መጫን።

ሊኑክስን ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1991 ለሕዝብ አሳወቀ። እኛ ዘንድ ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው አንድሮይድ ስልክ ሁሉ የሚሠራው በዚሁ በሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ አስኳል) ላይ ስለሆነ፣ «ሊኑክስ አላውቅም» የሚል ሰው ሳያውቀው ሲጠቀምበት ኖሯል። ለኮምፒውተር የተዘጋጁት ቅጂዎች ብዙ ናቸው፤ ለአሮጌ ላፕቶፕ ግን ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን እመርጣለሁ። 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ካገኘ ይነሣል፤ 4 ጊጋባይት ራም ቢኖር ግን ይሻላል።

መጫኛው ፕሮግራም ከፍላሽ ይነሣል፣ ዲስኩን ይከፋፍላል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎችን ይገለብጣል፣ በመጨረሻም ማሽኑ ሲበራ የሚያስነሣውን ክፍል ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል። ሁሉም በደህና ከሄደ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ችግሩ መሐል ላይ ቀጥ ሲል ነው። መስመሩ ሦስት አራተኛው ላይ ደርሶ ወይ ፍንክች! «ስታክ አደረገ» ይባልና ጣት ወደ ማጥፊያው ይሄዳል። ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ይቆማል።

እንደ እኔ እምነት እዚህ ላይ ነው የሚሳተው። የቆመ መጫኛ አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፤ የሚጠብቀው ነገር አለ። ጥያቄው ምን እየጠበቀ ነው የሚለው ሲሆን፣ መልሱንም ማሽኑ ራሱ ጽፎ ያስቀምጠዋል።

መጀመሪያ ካፕስ ሎክን ይጫኑ። በጫኑት ቁጥር መብራቱ ከበራና ከጠፋ ከርነሉ ሕያው ነው። ፍላሹ መብራት ካለውና ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ደግሞ እያነበበ ነውና ይታገሡት። ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ሥዕሉ ጠፍቶ ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ይመጣል። እዚያ «ሱዶ» ብለው፣ ክፍተት ሰጥተው፣ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ የሚሉትን አምስት ፊደላት አያይዘው ጽፈው ኢንተር ሲሉ ከርነሉ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያየውን ሁሉ ይዘረግፈዋል። የሚጠቅመው የመጨረሻው ክፍል ነው። አንድ ዓይነት መስመር፣ አንድ ዓይነት የሴክተር ቁጥር፣ በየጥቂት ሰከንዱ እየተደጋገመ «አይ ኦ ኤረር» የሚል ከሆነ፣ አንድ ዕቃ ማንበብ አቅቶት ደጋግሞ እየሞከረ ነው ማለት ነው። ከጎኑ ያለው ስም የትኛው ዕቃ እንደሆነ ይናገራል፤ «ኤስዲኤ» ባመዛኙ የውስጡ ዲስክ ነው፣ «ኤስዲቢ» ባመዛኙ ፍላሹ። «ስኳሽኤፍኤስ ኤረር» ካለ ደግሞ ፍላሹ ላይ ያለው ቅጂ ሳይበላሽ አልቀረም። ወደ መጫኛው ለመመለስ ከኮንትሮልና ኦልት ጋር ኤፍ 7ን፣ በአንዳንዱ ማሽን ኤፍ 1ን ወይም ኤፍ 2ን ይጫኑ። ዴቢያን የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ቅጂ የሚጭን ሰው ሥራው ይቀልለታል፤ መዝገቡ ኤፍ 4 ላይ ያለ ትእዛዝ እየፈሰሰ ይጠብቀዋል።

ፍላሹ ተጠርጣሪ ከሆነ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንድም ፋይሉ ሲወርድ ተቆርጧል፤ ከፋይሉ ጋር የሚወጣውን ባለ 64 ፊደል ሻ-256 ቁጥር ማመሳከር ይህን ወዲያው ያጋልጣል። አንድም ፍላሹ ራሱ ውሸታም ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ ፍላሽ ገበያ ላይ አይጠፋም፤ የተጻፈለትን ሁሉ ተቀበልኩ ይላል፣ ሲጠየቅ ግን የለውም። እንዲህ ያለውን ፍላሽ ለሙዚቃም ቢሆን አልመክረውም።

ኔትወርክ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ገለጉን የመሰለ ቦታ ላይ ሰው የማይጠብቀው ወጥመድ ያለውም እዚህ ነው። ኔትወርክ ጭራሽ ከሌለ መጫኛው ይህን ወዲያው ተረድቶ ያልፈዋል። የሚያቆመው ደካማ ኔትወርክ ነው። ከስልክ በሆትስፖት ሲያገናኙት መስመር አለ ይላል፤ የቋንቋ ፋይሎችንና ማሻሻያዎችን ሊያወርድ ይጀምራል፤ ዳታው ይቆራረጥና መልስ ሲጠብቅ ይቀራል። መድኃኒቱ ዋይፋዩን ማጥፋት ነው፤ ብዙ ጊዜ መስመሩ ጥቂት ቆይቶ ይንቀሳቀሳል። የአማራ ክልል ነዋሪ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ አይቷልና፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ለዚህ አካባቢ ሰው አዲስ አይደለም። ስለዚህ ሲመርጡ ሙሉውን ቅጂ ይያዙ። «ኔትኢንስት» የሚባለው የዴቢያን ፋይል መጠኑ ከ1 ጊጋባይት በታች ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን ዴስክቶፑን በሙሉ ከኢንተርኔት ሊያመጣ ነው የተሠራው።

ኔትወርኩ ደህና ሆኖም ማውረዱ እምቢ ካለ ሰዓቱን ይመልከቱ። ማዘርቦርዱ ላይ 2032 የሚል ቁጥር ያለባት ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች፤ ስትሞት ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ፋብሪካው ወደሰጠው ዓመት ይመለሳል። አስተካክላለሁ ብሎ ባዮስ (የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ የሚገባው ሰው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ሊሞላው ይችላል። ባዮስ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተሰጠ የደኅንነት ሰርተፍኬት ሁሉ ገና ያልተወለደ ይመስለዋልና ሰርተፍኬት ከሚያሳየው ሰርቨር ጋር አይስማማም። ዓመቱ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ብቻ በሀገርኛ ሲሞላ፣ ማለትም ከጧቱ 3 ሰዓትን 9 በማለት ፈንታ 3 ሲሉት፣ ስድስት ሰዓት ይጎድላል፤ በዚያው ቀን የወጣውን የፓኬጅ ዝርዝር «ገና አልጸናም፣ ይህን ያህል ሰዓት ይቀረዋል» ብሎ ይመልሰዋል። መልእክቱን ያነበበ ሰው ግራ ይጋባል እንጂ ማሽኑስ እውነቱን ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች ባጭሩ የሚነገሩ ናቸው። ገና ሲነሣ ጥቁር ሆኖ የቀረ ስክሪን፣ በተለይ ኤንቪዲያ ካርድ ባለበት ላፕቶፕ፣ የሥዕል ድራይቨር ጣጣ ነው፤ ሚንት ለዚህ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚል ምርጫ አለው። ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ ባዮስ ውስጥ የዲስኩን አሠራር ከኢንቴል አርኤስቲ ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር ነው፤ ዊንዶውሱን ጎን ለጎን ሊያቆዩት ካሰቡ ግን ይህ ላያስነሣው ስለሚችል አስቀድመው ያስቡበት። ዊንዶውስ በፋስት ስታርታፕ ተዘግቶ ከነበረ ክፍልፋዩን እንደተኛ ይዞት ይቀራልና ሺፍትን ተጭነው በደንብ ይዝጉት።

ሙቀቱንም መርሳት አይገባም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከ40 ዲግሪ የሚዘለው የቆላው አየር፣ አቧራ የጠጣ ማራገቢያ ላለው ላፕቶፕ ጠላት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መስመሩም የቆመ እስኪመስል ይጎተታል፤ ሲብስም ይጠፋል። ማለዳ መጫን ይሻላል፤ አልጋ ላይ አድርጎ መጫን ግን አይሆንም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ፋይል ሲገለበጥ መብራት ከሄደ፣ ከቆመበት ልቀጥል አይባልም፤ ክፍልፋዩን ፎርማት አድርጎ እንደገና መጀመር ነው።

አንድ ነገር ከጎንደር ወይም ኔትወርክ ካለበት ይዞ መምጣት ይገባል። ሊኑክስ የግዕዝ ፊደልን ሲያሳይ አይቸገርም፤ ፊደሉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በላቲን ቁልፎች እየጻፉ አማርኛ የሚያወጣው የሴራ አጻጻፍ ግን «አይባስ ኤም17ኤን» ከሚባል ፓኬጅ ጋር ነው የሚመጣው፤ መጫኛው ፍላሽ ላይ ላይኖር ይችላል። ከነአጋዥ ፋይሎቹ፣ ከሚጭኑት ሊኑክስ እትም ጋር የሚስማማውን አውርደው በሌላ ፍላሽ ይያዙት። አለዚያ ደብዳቤ ሊያስጽፍ የመጣ ደንበኛ ፊት በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ኮምፒውተር ይዘው ይቀመጣሉ።