የጥላው ዛፍ ዋጋ በፈረሱላ ስንት ነው?

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ አልለጥፍም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ። ጠያቂው የአንድ ገበሬዎች ዩኒየን የግብይት ባለሙያ ናቸው። «አባሎቻችን የቡናውን ጥላ እየቆረጡ ጫትና ባህር ዛፍ እየተከሉ ነው። ተው ስንላቸው፣ ዛፉ ስንት ያስገባልኛል ይሉናል። ምን ብለን እንመልስ?»

የገበሬው ጥያቄ የነጋዴ ጥያቄ ነው፣ አልፈርድበትም። እኔም ስለ ተፈጥሮ መስበክ አልችልበትም፤ ሥራዬ ዋጋ ነው። ስለዚህ በዋጋ እንነጋገር።

የቡና ወጪ ስናሰላ ለቀማ፣ ትራንስፖርት፣ መፈልፈያ፣ ጆንያ፣ የባንክ ወለድ እንቆጥራለን። ጥላው፣ ንቡ፣ ምንጩ ግን ደረሰኝ አይቆርጡም፤ ስለዚህ በሂሳባችን ዜሮ ናቸው። እስቲ አንዱን ዜሮ እንፈትሸው።

አረቢካ ያለ ንብም ራሱን ያዳቅላል፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ኮስታሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። በአንድ ትልቅ እርሻ ላይ፣ ከተፈጥሮ ደን በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ቡና ከራቀው ይልቅ ወደ 20 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጥቷል። ድቡልቡል፣ ነጠላ ፍሬውም በ27 በመቶ ቀንሷል። አጥኚዎቹ የደኑን ንብ ለዚያ እርሻ በዓመት ወደ 60 ሺህ ዶላር ተምነውታል። የእኛ ማሳ ላይ ቁጥሩ ያው ይሆናል አልልም፤ አየሩም ንቡም ሌላ ነው። ግን ለግምት ያህል እንውሰደው። ከሄክታር 600 ኪሎ ንጹሕ ቡና የሚያገኝ፣ ደን አጠገብ ያለ ገበሬ፣ በዚህ ስሌት 500ው የራሱ፣ 100ው የንቡ ነው። 100 ኪሎ ማለት ወደ 6 ፈረሱላ ነው። በዛሬው የአካባቢያችሁ ዋጋ አባዙት። ማሩን ገና አልቆጠርኩም፤ ከፋና ሸካ ያሉ አባሎቻችን ቀፎ ምን እንደሚያስገባ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከንቡ የሚበልጠው ግን ማንም ደኑ ሰጠኝ የማይለው ነገር ነው፤ ዘሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሲቢዲ የምንለው፣ አገራችን ገባ። ፍሬውን እዚያው ዛፉ ላይ እያጠቆረ ያረግፍ ነበር። መድኃኒት ረጭቶ መዝለቅ ለትንሽ ገበሬ የማይሞከር ነው። መፍትሔው የመጣው ከደን ነው። ጅማ ያለው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ ገብተው፣ በሽታው መሀል ቆሞ ያልታመመ ዛፍ እየፈለጉ ዘር ለቀሙ። ዛሬ ላኪዎቻችን በናሙና ወረቀት ላይ የሚጽፏቸው 74110፣ 74112፣ 74158፣ 74165 ከዚያ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 1974ን፣ የተመረጡበትን ዓመት ያሳያሉ። የ74110 እናት ዛፍ የተገኘችው ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው። ጉጂ ወይ ይርጋጨፌ ሆኖ 74110 የሚሸጥ ሰው፣ የመቱ ደን ዕዳ አለበት ማለት ነው። ያቺ ዛፍ ከ1974 በፊት ለእርሻ ተመንጥራ ቢሆንስ?

ይህንን በገንዘብ ለመተመን የሞከሩ አሉ። ሃይን እና ጋትስቫይለር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ስሌት፣ በኢትዮጵያ ደኖች ያለው የአረቢካ ዘረ መል ለዓለም የቡና ኢንዱስትሪ ያለውን ዋጋ እንደ ወለድ ምጣኔው ከ420 ሚሊዮን እስከ 1,458 ሚሊዮን ዶላር አድርሰውታል። በሽታ ከመቋቋም፣ ካፌይን ከማነስና ምርት ከመጨመር የሚገኘውን ጥቅም ቆጥረው ነው። የሚጠቀመው የዓለም ኢንዱስትሪ፣ ዛፉን ሳይቆርጥ የሚጠብቀው ደግሞ የከፋና የኢሉባቦር ገበሬ። ሂሳቡ እዚህ ላይ ነው የተዛባው።

ውሃውን በአጭሩ ልለፈው። የታጠበ ቡና የምትሠሩ ሰዎች፣ ማጠቢያው የተተከለው ወንዝ ስላለ ነው። ወንዙ በበጋ የሚወርደው ከላይ ያለው ደን ውሃውን ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቀው ነው። (የገለባውን ፍሳሽ ያለ ጉድጓድ ወደዚያው ወንዝ የሚለቅ ማጠቢያ፣ ከታች ውሃ ከሚቀዱ ሰዎች ኪስ ነው ወጪውን የሚሸፍነው። እሱንም ወጪ ብለን አንጽፈውም። ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

አሁን ደግሞ ለገበሬው እንፍረድ። ደን ቡና ምርቱ ከጓሮ ቡና በብዙ ያንሳል። ጥላ ከበዛ ፍሬ ይቀንሳል። የሳሳ ጥላ ሥር፣ ሲያልፍም ገላጣ ላይ፣ ምርት እንደሚጨምር ገበሬው በዓይኑ ያየዋል። ጫት ደግሞ በዓመት ደጋግሞ ይቀነጠባል፣ ገንዘቡም እጅ በእጅ ነው። እኔ በጠቀስኳቸው ጥቅሞች መሀል ደግሞ ከንቡ በስተቀር አብዛኛው የሚሄደው ወደ ሌላ ሰው ነው፤ ወደ ታችኛው ማጠቢያ፣ ወደ ሌላ ክልል ገበሬ፣ ወደ ውጭ ቆዪ። ታዲያ እሱ ብቻውን ለምን ይክፈል?

«የአውሮፓ ሕግ ይጠብቀዋል» የሚል መልስ በየስብሰባው እሰማለሁ። እስቲ ሕጉን በደንብ እንየው። የአውሮፓ ኅብረት የደን ምንጠራ ሕግ የሚለው፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (በእነሱ ዲሴምበር 31፣ 2020) በኋላ ከደን ወደ እርሻ የተለወጠ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አይገባም ነው። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያውን የሚያሳይ ካርታ ይጠየቃል። ሁለት ጊዜ ተራዝሞ አሁን ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለትንንሾቹ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ተቆርጧል።

አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ፣ 19,200 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ 300 ኪሎ ቢያስገባ፣ ኮንቴይነሩ የ64 ሰው ቡና ነው። ከ64ቱ አንዱ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን መንጥሮ የተከለ ከሆነና ቡናው ከተቀላቀለ፣ ጭነቱ በሙሉ ችግር ላይ ይወድቃል። አቅራቢዎች እዚህ ላይ ንቁ፤ ማን ምን እንዳስገባ የማይታወቅ ጀንፈል ለአውሮፓ ጭነት መደባለቅ ቀርቷል።

ግን ሕጉ የማያየው ነገር አለ። ቀድሞም እርሻ የነበረ ማሳ ውስጥ ያለችው ዋንዛ ወይም ብሳና ብትቆረጥ፣ በሕጉ ትርጉም የደን ምንጠራ አይደለም። ጫትም ሕጉ ከሚቆጣጠራቸው ምርቶች ውስጥ የለም። ደኑን መንጥሮ ጫት የተከለ ገበሬ አውሮፓ ምንም አይለውም፤ በቃ ከቡና ዝርዝር ይጠፋል። ሕጉ ዱላ ነው፤ ጥላውን ላቆመ ሰው የሚከፍለው አንድ ሳንቲም የለውም። ያንን መክፈል የሚችለው ውል ነው፤ ውሉን የምንጽፈው ደግሞ እኛ ነን።

ስንት ቢሆን? ኮንቴይነሩ ወደ 42,300 ፓውንድ ነው። በፓውንድ 10 ሳንቲም ለጥላ ተብሎ ቢጨመር 4,230 ዶላር፣ ለ64ቱ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 66 ዶላር። እውነቱን ልናገር፣ 66 ዶላር ጫትን የሚያሸንፍ አይመስለኝም። 20 ሳንቲም ቢሆን 132 ዶላር ነው፤ እሱ ሊያነጋግር ይችላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ኒውዮርክ ላይ ፓውንዱ ከ4 ዶላር ሲያልፍ የገዙ ሰዎች፣ 20 ሳንቲም ይገድለናል ቢሉ አላምናቸውም። ገበያው ሲወርድ ግን ይሄ ንግግር ይከብዳል፤ ስለዚህ ጭማሪው ከኒውዮርክ ዋጋ ጋር የማይወርድ፣ ቋሚ ሆኖ ይጻፍ።

ሌላው የሚያሳስበኝ መንገድ ላይ የሚቀረው ነው። ፕሪሚየም ዩኒየን ደርሶ፣ ከዩኒየን ማህበር ደርሶ፣ ገበሬው ጋር «ዘንድሮ ዋጋው ትንሽ ተሻለ» ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ። ገበሬው ለዛፉ መከፈሉን ካላወቀ ዛፉን አያቆመውም። ለብቻው ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ደረሰኙ ላይ «የጥላ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። ነጥብ ለመውሰድ ማሳው ድረስ የሚሄደው ልጅ ያው ሄዷልና፣ ዛፎቹንም ቆጥሮ ይመለስ።

እና ለጠያቂዬ፦ አባልዎ «ዛፉ ስንት ያስገባልኛል?» ሲልዎት፣ ከንቡ ምናልባት ጥቂት ፈረሱላ፣ ከገዢ ደግሞ እስከ አሁን ምንም ይበሉት። ከዚያ ገዢዎ ጋር ደውለው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁልኝ። የሚሰጥዎትን ቁጥር ስም ሳልጠቅስ እዚህ እለጥፈዋለሁ።

የሳምንቱ የእሸትና የጀንፈል ዋጋ ሐሙስ ማታ እንደተለመደው።