ከቤቲንግ የሚቆረጠው ግብር፦ ተረቱና እውነታው

በመቐለ ሓድነት ክፍለ ከተማ፣ ቅዳሜ ማታ በቤቲንግ ቤት ደጃፍ ከኳስ ወሬ ቀጥሎ የሚሰማው ምሬት ይህን ይመስላል፦ «12,000 በልቼ 10,200 ሰጡኝ፤ ቀሪውን ቤቱ ወሰደው።» ትኬቱን ጨብጦ አሥሩን ጨዋታ አንድ በአንድ የሚቆጥረው ወጣት ከልቡ ነው የሚናገረው። ገንዘቡ ግን ለቤቱ አይደለም። በ2008 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በዕድል ሙከራ በተገኘ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ የ12,000 ብር 15 በመቶ 1,800 ብር ነው። አጫዋቹ ድርጅት ይህን ቀንሶ ለመንግሥት የማስገባት ግዴታ አለበት፤ ተጫዋቹም የተቀነሰበትን የሚያሳይ ደረሰኝ ሊጠይቅ ይገባል። በዚሁ አዋጅ ከ1,000 ብር በታች የሆነ ሽልማት ግብር አይነካውም። አዋጁ በ2017 ዓ.ም ስለተሻሻለ ትኬት የሚቆርጥ ሰው በሥራ ላይ ያለውን ምጣኔና ከግብር ነፃ የሆነውን መጠን አስቀድሞ መጠየቁ አይከፋም።

ከዚህ የከፋው ግን «ግብሩ የሚሰላው በትርፌ ላይ ነው» የሚለው እምነት ነው። ሕጉ ትርፍን አያይም። የሚያየው የተበላውን ትኬት ሙሉ ሽልማት ነው፤ ለተቃጠሉት ትኬቶች ምንም ተቀናሽ አይፈቅድም። አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ 200 ብር ይቆርጣል እንበል። በ52 ሳምንት 10,400 ብር አወጣ ማለት ነው። በመጨረሻው ሳምንት ያ 12,000 ብር ወጣለት። ሰፈሩ «በላ!» ይላል፤ እሱም ጓደኞቹን ይጋብዛል። እጁ የገባው ግን 10,200 ብር ነው፤ ካወጣው በ200 ብር ያንሳል። በዚያ ዓመት የበላ የሚመስለው ልጅ ተበልቷል፤ ለመንግሥትም ግብር ከፍሏል። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ባንክ ተዘግቶ፣ ደመወዝ ተቋርጦ በከረመ ከተማ ውስጥ ይህን ስሌት ለአንድ ሥራ አጥ ወጣት ቁጭ ብሎ የሚያሳየው ሰው መጥፋቱ ያሳዝነኛል። የተቃጠለውን ትኬት የሚመዘግብለት መሥሪያ ቤት የለም፤ ራሱ በደብተር ካልያዘው ማንም አይቆጥርለትም።

«ግብሩ የክልሉ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ የሎተሪና የሌሎች የዕድል ሙከራዎችን ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠ ነው።

አሁን ደግሞ ስልክ ላይ የውጭ ፖከር የሚጫወቱ ልጆች በርክተዋል። «ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ሕግ አይደርስበትም» ይላሉ። በአገራችን የስፖርት ውርርድን ጨምሮ የሎተሪ ሥራ የሚሠራው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱንም ሲሰጥ የኖረው ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ነው። የውጭው ገጽ ግን እዚህ ፈቃድ የለውም፤ አልከፍልም ቢል የሚከሰስበት ቢሮም የለውም። ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ገዝቶ መላክ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ይህ ዓይነቱ አደጋ በአሜሪካውያንም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ፖከርስታርስን፣ ፉል ቲልትንና አብሶሉት ፖከርን ሲከስ፣ ፉል ቲልት የደንበኞቹን ገንዘብ መመለስ አቃተው። አሜሪካውያኑ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን ማግኘት የጀመሩት በ2014 ነው።

ከአሜሪካ ጋር የተያያዘ ሌላም ወሬ አለ፦ «እዚያ ፖከር የትም ይፈቀዳል፤ ግብርም የለውም።» ሁለቱም ስህተት ነው። የኦንላይን ፖከር ፈቃድ በየስቴቱ የሚወሰን ነው። ኔቫዳ፣ ኒው ጀርሲ፣ ፔንሲልቬንያና ሚሺጋን ፈቅደዋል፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የስፖርት ውርርድን እንጂ ኦንላይን ፖከርን ፈቃድ ሰጥተው አያጫውቱም። ግብሩ ግን ስቴት አይመርጥም፤ ከአጫዋቹ ድርጅት የሽልማት ቅጽ ቢላክለትም ባይላክለትም፣ ተጫዋቹ ያሸነፈውን ሁሉ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። እዚያ ከኛ የሚለየው፣ ወጪውን ዘርዝሮ የሚያስታውቅ ሰው ኪሳራውን ካሸነፈው ሳይበልጥ መቀነስ መቻሉ ነው። እሱም ቢሆን ጠቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2026 ጀምሮ የሚታሰበው ከኪሳራው 90 በመቶው ብቻ ነው። 100,000 ዶላር አሸንፎ 100,000 የተበላ ሰው ምንም ሳይተርፈው በ10,000 ዶላር ላይ ግብር ሊጠየቅ ይችላል።

አሜሪካ የሚጫወት ወንድማችን ከተረፈው ላይ ሓድነት ላሉት እናቱ ቢልክስ? ለቤተሰብ በስጦታ የመጣ ገንዘብ በኛ ሕግ ከገቢ ግብር ነፃ ነው፤ እናትየው ከፖከር መጣ ብለው የሚፈሩት ግብር የለም። በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የሐዋላ ድርጅት በኩል ይላክላቸው፤ የመጣበትን የሚያሳየውን ወረቀትም ያስቀምጡት።